ሰሌን ይዘን ሽምግልና

«ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው አልሁህ!»

«እኔም ጣሪያ ላይ አይወጣም አልሁህ። ነፋስ ይገነጣጥለዋል።»

«ታዲያ እንደ ሰው ወንበር ልስጠው?»

«እግሬ ሥር ይሆናል። ማንንም አይነካም።»

«አይነካም? ይኸው እጄን!» ረዳቱ የደማ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ ለመናኸሪያው ሕዝብ ሁሉ አዞረው። «እሾህ ነው እኮ የታቀፍኸው፣ ወንድሜ!»

ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል። ቅጥቅጡ ሞልቶ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ፣ የቢቸና መናኸሪያ ግማሹ በሩ ላይ ተሰብስቧል፤ የእኛ ከተማ ሰው ጠብ ካገኘ ጉዞውን ለነገ ማሳደር አይከብደውም። ጓደኛዬ ይሁኔ አናቱ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ታቅፎ ደረጃው ላይ ቆሟል። ከጀሪካኑ ውስጥ ቅጠሉ እንደ አውራ ዶሮ ጅራት የተበተነ ተክል ወጥቶ ፊቱን ሸፍኖታል።

«ለመሆኑ ምንድን ነው እሱ?» አሉ ከፊት ወንበር ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አንዲት እናት።

ይሁኔ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሲጠየቅ ትክክለኛውን መልስ የመስጠት ክፉ አመል አለበት። «ሰሌን ነው፣ እናቴ» አለ።

በእኛ አገር ሰሌን ሲባል ምንጣፉ ይታሰባል፤ ምንጣፉ ሲታሰብ ደግሞ ሬሳ የሚጠቀለልበት ይታሰባል። ዛፍ መሆኑ ትዝ የሚለው ሰው የለም። ሴትዮዋ ይሁኔን አዩ፤ ከኋላው በጥቁር ካፖርት የቆሙትን ጋሽ አዳሙን አዩ፤ ከሳቸውም ኋላ በሰው ጋቢ ተጠቅልዬ የቆምሁትን እኔን አዩ። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ውይ ልጆቼን! ሞት ነው ለካ! እግዜር ያጥናችሁ።»

ረዳቱ የተወጋ ጣቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሾፌሩ ዘፈኑን አጠፋ። ከፊት የነበሩ ወጣቶች ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልን። ከኋላ አንዱ፣ «ከነሥሩ የሚወስዱት ሞጣ ሰሌን ጠፍቶ ነው?» ሲል ሌላው፣ «ዝም በል፣ ኀዘንተኞች ናቸው» ብሎ ገሠጸው። ይሁኔ ሊያርም አፉን ሲከፍት ጋሽ አዳሙ በክርናቸው ጎሰሙት። ጋሽ አዳሙ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የተለቀቀላቸውን ወንበር እምቢ ያሉበት ቀን የለም። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው በረዥሙ ተነፈሱና በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። እንዲህ ሆነን፣ ማንም ሳይሞትብን፣ ዓርብ ጧት በለቅሶ ከቢቸና ወጣን።

እውነቱን ልናገር፤ የምንሄደው ለሽምግልና ነበር። ይሁኔ ሞጣ ያለች ስንዱ የምትባል ነርስ ሊያገባ ይፈልጋል። ወደ አባቷ የሚላኩት ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ። አንደኛው ጋሽ አዳሙ ናቸው። ሁለተኛው በመጨረሻው ሰዓት ክርስትና አለብኝ ብለው ቀሩ። ሦስተኛው ሆዳቸውን ቆረጣቸውና ጋቢያቸውን ላኩ፤ ጋቢው ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ለሽምግልና ቀርቶ ለሚዜነትም ገና ነው። ሥራዬ ግጥም ነው፤ ማለትም ሥራ የለኝም። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ያገኘሁትን እያነበብሁ ራሴን ያስተማርሁ ነኝ። በከተማችን ሠርግና ምርቃት ላይ ግጥም አነባለሁ፤ ሕዝቡ በኃይል ካጨበጨበ ምግቡ ደርሷል ማለት ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ጋሽ አዳሙ «ና» ሲሉኝ ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም።

ሞጣን አይቻት አላውቅም ነበር። የቢቸና ሰው ዓባይ ድልድይን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል፤ ሞጣ ግን እዚሁ አፍንጫው ሥር ሆና «ምን አለ እዚያ?» ይላል። ይህን የምጽፈው ለእናንተ፣ ለማትሄዱት ነው።

ተክሉን ደግሞ ላስረዳ። ይሁኔና ስንዱ የተዋወቁት በደቡብ ምዕራብ፣ ዝናቡ ከመንግሥት ሠራተኛ ይልቅ ሰዓት አክባሪ በሆነበት የተራራ ደን ውስጥ ተመድበው ሲሠሩ ነው። እዚያ ሰሌን በዱር ይበቅላል። ፍሬው እንደ ትንሽ ተምር ይበላል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ከአናቱ ውስጥ የሚወጣው ነጭ ልቡም ይበላል። አንድ እሑድ ደን ውስጥ አብረው ልቡንም ፍሬውንም ቀመሱ፤ ስንዱ አንዱን ፍሬ በእርጎ ኩባያ ተከለችው። ወደ ትውልድ ከተማዋ ስትዛወር ዘሩ በቅሎ ነበርና «ሲጠና አምጥተህ ደጃችን ትተክለዋለህ» ብላ አደራ ሰጠችው። ይሁኔ ቢቸና ሲመደብም ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደውልላት የሚያወራት ስለ ቅጠሉ ነው። አዲስ ቅጠል ያወጣ ቀን እኛንም ይጋብዘናል። ልጅቷ በዚህ ዓይነት ወሬ እስካሁን አለመሰልቸቷ ፍቅር እንዳለ ያረጋገጠልኝ ብቸኛው ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እሱ ግን የመሥሪያ ቤት ሰው ነውና ነገሩን ፕሮጀክት አደረገው። «ሞጣ ፓይለት ትሆናለች» ይላል። «ከዚያ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ስኬል አፕ እናደርገዋለን። ምሥራቅ ጎጃም የሚበላ ሰሌን አምራች ይሆናል።»

«ጤፍ ያለው ሰው ሰሌን ለምን ይበላል?» አልሁት።

«ዳይቨርሲፊኬሽን ነው።»

«ውርጩስ?»

«ማይክሮ ክላይሜት ፈልገን…»

ለማንኛውም ጥያቄ አንድ የፈረንጅ ቃል አለው። ቃሉ ሲያልቅ ግን ቅጠሉን በጣቱ ይዳብሰዋል፤ ያን ጊዜ ሰውዬውን እወደዋለሁ።

ደብረ ወርቅ ለምሳ ቆምን። ዓርብ ስለሆነ ሽሮ ነው። የደብረ ወርቅ ሽሮ ከእኛው ይወፍራል፤ ቃሪያው ግን እንደ ቢቸና ቃሪያ አያስለቅስም፤ ለኀዘንተኛ ያ ጉድለት ነበር። ሴትዮዋ አጠገባችን ተቀምጠው «ብሉ እንጂ፣ ለሞተ ተብሎ አይራብም» እያሉ ከራሳቸው ሰሐን ጎመን ያነሡልናል። ደግነታቸው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የጋሽ አዳሙ ጉሮሮ ላይ ግን ምንም አልቆመም።

«ለመሆኑ ሟች ምን ነበሩ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ትልቅ ሰው» አሉ ጋሽ አዳሙ ጎመኑን እየጠቀለሉ።

«ልጆች አሏቸው?»

«ገና ነው» አለ ይሁኔ ሳያስበው። ከዚያ ፊቱ ደም መሰለ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሞተ የለም። እኔ ላገባ ነው።»

የሴትዮዋ እጅ ጎመኑ ላይ ቀረ። «በሰሌን?»

«ዛፍ ነው፣ እናቴ። ይበላል።»

«ስማ ልጄ» አሉ እጃቸውን እየሰበሰቡ። «እኛ አገር ሰሌን ሰው ይበላል እንጂ ሰው ሰሌን አይበላም።»

ከደብረ ወርቅ ስንነሣ ወንበራችን የመጨረሻው ሆኖ ነበር። ዘፈኑ ጧት ከነበረው እጥፍ ጮኸ። ረዳቱ ጣቱን ከኪሱ አውጥቶ እንደገና መታመም ጀመረ። ሴትዮዋ ግን ጉንደ ወይን ላይ ሲወርዱ ወደ ኋላ መጥተው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ለይሁኔ ሰጡት። «ለመንገድህ ነው። አደራህን፣ ደጇ ስትደርስ ስሙን ለውጠው» አሉት። ጋሽ አዳሙም እዚያው ወሰኑ፤ ከእንግዲህ ስሙ ዘንባባ ነው። የሆሳዕና ዕለት ጣታችን ላይ የምናስረው፣ ራሳችን ላይ የምንጠመጥመው ዘንባባ። «ሰሌንም ዘንባባም ያው አንድ ዛፍ ነው» ብሎ ሊከራከር የፈለገው ይሁኔ ብቻ ነበር።

ማምሻውን ቅጥቅጡ ተበላሽቶ ቆመ። የቆመበትን ከተማ ስም ብነግራችሁ ፈጠርኸው ትላላችሁ፤ ቀራንዮ ነው። ሾፌሩ ከሥሩ ተጋድሞ፣ እግሩ ብቻ እየታየ፣ «ዛሬ አይነሣም» አለ። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ደርባባ ሴት ነበረች፤ ተክሉን እንዳየች «ኧረ ብርድ ይመታዋል» ብላ የማዳበሪያ ከረጢት አለበሰችው። እኛ ስንንቀጠቀጥ ግን «ወንድ አይደላችሁ?» አለችን። ቢቸና እንግዳ ብርድ ልብስ ከጠየቀ ያገኛል፤ ቀራንዮ ግን ብርድ ልብስ ለማግኘት ቅጠል ማውጣት ያስፈልጋል።

ቅዳሜ

ጧት ቅጥቅጡ ተጠግኖ ስንሳፈር ጋሽ አዳሙ በተክሉ በኩል አለፉ። እሾሁ ካፖርታቸውን ከኪሱ እስከ ጫፉ ሸረከተው። ሽማግሌ ሆኖ የሰው ሴት ልጅ ለመለመን የሚሄድ ሰው ካፖርቱ ተቀዶ ይታያችሁ! እስከ ሞጣ ድረስ ቀዳዳውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ይሁኔን እንደ ተማሪ እየሰደቡ ሄዱ።

ሞጣ ከቢቸና ትበልጣለች። ይህን ስጽፍ እጄ ቢተሳሰርም እውነት ነው። ሱቁ ይበዛል፤ ባጃጁ ይበዛል፤ ሰዉ ሲሄድ የሚደርስበት ቦታ ያለው ይመስላል። እኛ ጋ ሰው የሚሄደው ለመታየት ነው። ማረፊያ ግን የለም፤ የጠየቅነው አልጋ ቤት ሁሉ በስልጠና ተይዟል። ስለ ምን እንደሚሰለጥኑ የጠየቅኋቸው ሰልጣኞች እርስ በርስ ተያዩ።

መጀመሪያ ካፖርቱን እናሰፋ ብለን አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ወዳየነው የስፌት መኪና ሄድን። ባለ ሱቁ ሐጂ ሰይድ ይባላሉ፤ አባት አያታቸውም በዚያው ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ካፖርቱን ከጋሽ አዳሙ ትከሻ ተቀብለው ቀዳዳውን በጣታቸው ለኩ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከቢቸና።»

«ቢቸና ነብር አለ እንዴ?»

«ዘንባባ ነው» አሉ ጋሽ አዳሙ ፈጥነው፣ ይሁኔ ሌላውን ስም ሳይጠራው።

ሐጂ ወደ ጀሪካኑ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን አገላበጡት። ፊታቸው ለሰለሰ። «ይሄማ የተምር ወንድም ነው። በአንድ ረመዳን ሰው ከዐረብ አገር ፎቶ ልኮልኝ አይቻለሁ። ልክ ይሄ ነው፤ ያ ጠግቦ ያደገው ነው እንጂ።»

ይሁኔ ከቢቸና ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረዳው ሰው አገኘ። ስለ ደኑ፣ ስለ ዝናቡ፣ ከአንድ ሥር ወንድማማች ሆነው ስለሚወጡት ግንዶች፣ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ስለሚተካው ነገራቸው። ካፖርቱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ንግግሩ አላለቀም ነበር። ሐጂም «አልጋ የለም አላችሁ? እኔ ቤት አለ» ብለው ሱቁን ለልጃቸው ሰጥተው ይዘውን ሄዱ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሦስት ያልታሰበ ክርስቲያን ደጃቸው ላይ ሲያዩ ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ ምን አበላቸዋለሁ? ሥጋቸውን አንበላም፤ ሥጋችንንም አይበሉም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያወራውም። እሳቸው ወደ ጓዳ ገብተው ቅቤ የዋኘበት ሽሮ፣ አይብ፣ ትኩስ ዳቦና አንድ ጎድጓዳ ሰሐን ማር ይዘው ወጡ። «ሥጋ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር የሌለው ሰው ነው» አሉ። ቢቸና ስንት ሠርግ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጠገብሁበትን አላስታውስም፤ ግጥምም አላስነበቡኝም።

ማሩ መሐል ይሁኔ ድንገት ብርሃን በራለት። «ሐጂ፣ የዚህ ተክል ልብ እኮ አይታረድ፣ አይባረክ! እርስዎም እኛም አንድ ላይ የምንበላው ነው።»

«አጀብ!» አሉ ሐጂ። «እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቁረጠውና እንብላው።»

ይሁኔ ጀሪካኑን ወደ ጉልበቱ ሳበው። «አይ፣ ይሄስ አይቆረጥም። የሰው አደራ ነው። ገና ልጅ ስለሆነ ከሥሩም አላበቀለም፤ ከተቆረጠ አለቀለት።»

«ቀልዴን ነው፣ ልጄ» አሉ ሐጂ እየሳቁ። «ቤታችን እንግዳ ያበላል እንጂ እንግዳ አይበላም።» እትዬ ዘይነባም በማስታጠቢያው የተረፈውን ውኃ ለተክሉ አጠጡት። እንዲያ ያማረበት ጉዞ ቅዳሜ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ሞጣን ዛሬም አመሰግናት ነበር።

እሑድ

የስንዱ አባት አለቃ ጥበቡ ይባላሉ። ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ስለደከመ ደቀ መዛሙርቱን ለሌላ ሰጥተው ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ በተማሪው ፈንታ መከራውን የሚያየው እንግዳ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን ይኖራሉ። በወጉ መሠረት ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ይሁኔም ተክሉን ይዞ ከአጥሩ ውጭ እንዲቆይ ተስማምተን እኔና ጋሽ አዳሙ ገባን።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ልንጠና መጥተናል» አሉ ጋሽ አዳሙ። «እሺታዎን ሳንሰማ አንቀመጥም።»

«ቁሙ እንግዲህ» አሉ አለቃ ተደላድለው እንደተቀመጡ። «ቤቴ መቆሚያ አይጠፋበትም።» ከዚያ ዓይናቸውን አጥብበው ወደ እኔ አዩ። «ሽማግሌው ይህ ልጅ ነው ወይስ ጋቢው?»

ጋሽ አዳሙ ነገሩን ለማለዘብ ገጣሚ መሆኔን ተናገሩ። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ነበረኝና ጉሮሮዬን ጠርጌ አልሁ፦

«ከደን የመጣ ዘንባባ፣ በርቀት ያደገ ፍቅር፣
ደጅዎ ላይ ይተከል፣ ሥር ሰዶ እንዲከበር።»

አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤት መትተሃል» አሉ። «ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም።»

በቢቸና እንዲህ የሚል ሰው የለም፤ እኛ ጋ ያጨበጭባሉ። ጋቢዬን ሰብስቤ ከጋሽ አዳሙ ኋላ ሆንሁ። ደግነቱ ያን ጊዜ አለቃ በመስኮቱ የተክሉን ቅጠል ከአጥሩ በላይ ሲወዛወዝ አዩት። «አጥሬ ላይ ዘንባባ በቅሏል፤ ሆሳዕና ደረሰ እንዴ? ስንዱ፣ አስገቢው።»

ስንዱ ከጓዳ ወጣች። ቀጭን ናት፤ ፈጣን ናት፤ የሥራ ቦርሳዋ ግድግዳው ላይ ከምስማር ተንጠልጥሏል። በሩን ከፍታ ከይሁኔ ፊት ቆመች። ማንን ቀድማ እንዳየች ልንገራችሁ፤ ተክሉን ነው። ቅጠሉን ከሥር እስከ ጫፍ በእጇ አስኬደችው። «አድጓል» አለች። ድምፅዋ ያን አንዲት ቃል እንኳ አልጨረሰም። በሩ አጠገብ ጧት የቆፈረችው ጉድጓድ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር።

ይሁኔ ጀሪካኑን አለቃ ፊት አስቀምጦ ቆመ። ላብ አጥምቆታል።

«ይህ ነው ስንዱ ይበላል የምትለው ዘንባባ?» አሉ አለቃ።

«አዎ፣ የኔታ። የሚበላው ልቡ ነው።»

«ልቡ?» የአለቃ ፊት በራ። ቅኔ አዋቂ ሁለት በር ያለው ቃል ሲያገኝ ድመት ወተት ስታገኝ የምትሆነውን ይሆናል። ዘንጋቸው ላይ ደገፍ ብለው ከወንበራቸው ወደፊት ጎንበስ አሉ። «መልካም። ጋሽ አዳሙ ብዙ ተናገሩ፤ ገጣሚውም ተናገረ። እንግዲህ ልቡን እንየው።»

ጋሽ አዳሙ እኔን አዩ። እኔ ተክሉን አየሁ። ይሁኔ ግን ማንንም አላየም፤ ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ብቻ ወረደ።

«ልቡን አሉህ እኮ» ብለው አንሾካሾኩ ጋሽ አዳሙ። «አታስቆጣቸው።»

«ቢላ አለ?» አለ ይሁኔ።

ያመጣችው ስንዱ ናት። ጀሪካኑን ሊቀድና ሊተክል መስሏታል። «በስሱ ቅደደው፣ ሥሩን እንዳትነካብኝ» አለችው፤ ባልዲ አንሥታም ከጓሮ ካለው ቧንቧ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። አለቃም ዓይናቸው የሩቁን እንጂ የቅርቡን አይለይምና የሚሠራውን አላዩም።

ይሁኔ ተንበረከከ። ቢላው አንዴ አስተጋባ። ያ ሁሉ ቅጠል በጎኑ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ እንደ በቆሎ እሸት ሽፋኑን እየገፈፈ፣ እየገፈፈ ሄደ፤ የምሥራቅ ጎጃምን ሕዝብ ሊመግብ የታሰበው ልብ ሲወጣ ከጧፍ ትንሽ ይወፍር ነበር። በሰሐን ላይ ከትፎ ለአለቃ አቀረበው።

ጋሽ አዳሙ አማትበው አንዱን ቁራጭ ጎረሱ። «የአገዳ ልብ ነው ቁርጥ» አሉ። ሌላም ደገሙ። እኔም ቀመስሁ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ መረር የሚል ነው። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ይጣፍጣል።

አለቃ በጣታቸው ሰሐኑን ዳሰሱ። ከዚያ ወለሉን ዳሰሱ፤ ቅጠሉን አገኙት።

«ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«ልቡን እንየው አሉኝ፣ የኔታ።»

«ያንተን ነው እንጂ ያልሁ!» አሉ አለቃ። «ያንተን ልብ! ለልጄ ያለህን ከአፍህ ልስማ ብዬ!»

ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው ሲባል እሰማለሁ። እኛ ሰሙን ከትፈን በሰሐን አቅርበናል።

«ከሥሩ ያበቅል የለም እንዴ?» አሉ ጋሽ አዳሙ እየተንተባተቡ፤ ጉንጫቸው ገና ሙሉ ነው።

«ይሄ አያበቅልም» አለ ይሁኔ። «ልጅ ነበር።»

ያን ጊዜ ስንዱ ባልዲውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከየት ጀምሮ እንደሰማች አላውቅም። ጀሪካኑን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ሰሐኑን አየች። ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

«ይበላል» አለ ይሁኔ።

«እንደሚበላማ አውቃለሁ። አብረን አይደል የበላነው?»

«ልጄ» አሉ አለቃ፣ «እኔ እኮ የተናገርሁት…»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ። እርስዎ የሚሉትን ለመፍታት ሰው ስንት ዓመት ቅኔ ቤት ይቀመጥ? ‘ልጄን ትወዳታለህ ወይ’ ቢሉት ምን ነበረበት? እኔም ብሆን መልሱን ልሰማው እፈልግ ነበር።»

አለቃ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። በሞጣ የታየ ተአምር ካለ ያ ነው።

ወደ ይሁኔ ዞረች። «አንተስ? አይቆረጥም ማለት አቃተህ?»

«አባትሽ ናቸው። ፈራሁ።»

«ትናንት እኮ ለሐጂ…» ብዬ ልረዳው ጀመርሁ፤ ጋሽ አዳሙ ጋቢዬን ጎትተው ዝም አሰኙኝ።

«ልተክለው እኮ ነበር» አለ ይሁኔ። «ስንዱ፣ ሌላ ዘር አመጣለሁ። ፍሬ ሲደርስ እሄዳለሁ፣ ራሴ…»

«አባቴን ፈርተህ ነው የቆረጥኸው» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ለበሽተኛ ስለ ሕመሙ የምትነግር ትመስል ነበር። «ነገ አለቃህን ትፈራለህ። ከነገ ወዲያ ጎረቤት ትፈራለህ። እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ ቀን የቆረጥኸው ምን እንደሆነ ልጠይቅህ ነው?»

ቦርሳዋን ከምስማሩ አወረደች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

«ወዴት ነው?» አሉ አለቃ። «ሽማግሌ ቆሞ?»

«ተረኛ ነኝ።»

ባልዲውን አንሥታ ወጣች። ውኃውን ባዶው ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው፣ ባልዲውን ከጎኑ አስቀመጠችው። የቆርቆሮው በር ከኋላዋ ተዘጋ።